መግል ያልወጣው እብጠት

ጡረታ ስወጣ እንደ ባልደረቦቼ አልከፋኝም። በጤና ገብቼ በጤና ወጥቻለሁ፤ ይህ ለብዙ ሰው ያልተሰጠ ነው፣ ተመስገን። የከበደኝ ጧቱ ብቻ ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ጧት ነጭ ልብሴን ለብሼ የምሄድበት ቦታ ነበረኝ፤ አሁን ከግቢዬ ወዲያ መሄጃ የለኝም። የእኅቴ ልጅ እንዲያ ስንጐራደድ አይታኝ፣ «እትዬ፣ ለምን የሠሩበትን ዘመን አይጽፉትም?» ብላ ደብተር ገዛችልኝ። ሁሉንም ልጽፍ ብነሣ አያልቅም። ሰው ያደረገኝን ዘመን ብቻ ልጻፍ።

ስሜ የሺወርቅ ነው። ደብረ ታቦር ተወልጄ፣ በጃንሆይ ዘመን ለድሬሰርነት ተምሬ፣ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ አገልግያለሁ። ድሬሰር ማለት ቁስል አጣቢ፣ መርፌ ወጊ፣ መድኃኒት አዳይ ነው። ሐኪም በሌለበት አገር ግን ሰዉ ሁሉ «ሐኪሟ» ይለኝ ነበር። እኔም ስሙን ወድጄው ነበር። ደመወዛችን በሦስት ወር አንዴ ይመጣ ነበር፤ እሱን ልተወው።

መጀመሪያ የተመደብሁት ጋይንት፣ ንፋስ መውጫ ነው። የክሊኒኩ ኃላፊ አቶ ተሰማ ይባላሉ። በልጅነታቸው እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም የድጓ ዜማ ሲማሩ ቆይተው፣ ኋላ ጦር ሠራዊት ገብተው እዚያ ቁስል ማሰር የለመዱ፣ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ሰዓት አልነበራቸውም። መርፌ ሲቀቀል ውሃው መፍላት እንደጀመረ ከድጓው አንድ ረጅም ዜማ ያነሣሉ፤ ዜማው ሲያልቅ መርፌው ይወጣል። አንድ ቅዳሜ ገበያተኛው በሩ ላይ ተጨናንቆ ሳይ፣ «አቶ ተሰማ፣ አሁንስ አይበቃም?» አልኋቸው። ዞር ብለው አዩኝና ዜማውን ከመጀመሪያው መልሰው ጀመሩት። ሁለተኛ አልጠየቅሁም።

ሴት ታማ ስትመጣ ስለ ሕመሟ ቶሎ አይጠይቋትም። ከየት ሰፈር እንደመጣች፣ ልጆቿን ለማን ትታ እንደመጣች፣ ገብሱ እንዴት እንደያዘላት ያወሯታል። ይህን ሲያወሩ እጃቸው ሙቅ ውሃ ውስጥ ነው። ንፋስ መውጫ እንደ ስሙ ነው፤ ጣት ያደርቃል። «በቀዝቃዛ እጅ ከነካሻት ትኮማተራለች። ከተኮማተረች ደግሞ የሚያማትን ቦታ ትደብቅሻለች» ይሉኝ ነበር።

ጡቷ ያበጠ አራስ በየሳምንቱ ትመጣ ነበር። አቶ ተሰማ በመጀመሪያ ደህናውን ጡት፣ ቀጥሎ የታመመውን፣ በመጨረሻ ብብቷን መዳሰስ አስተማሩኝ። ከዚያ ለቁስል የሚቀባውን ሐምራዊ መድኃኒት በሰበዝ ጫፍ ነክረው የቀላውን ቦታ ዳር ዳሩን ይከቡታል።

«በሦስተኛው ቀን ትመጣለች» አሉኝ። «ቅላቱ ከመስመሩ ወደ ውስጥ ከገባ መድኃኒቱ እየሠራ ነው። መስመሩን ካለፈ አንቺ ያላወቅሽው ነገር አለ ማለት ነው። ያኔ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እርስዎን እጠይቃለሁ።»

«እኔም ባላውቀውስ?»

ሰበዙን እየጠረጉ ራሳቸው መለሱት።

«ለሚያውቅ ትልኪያታለሽ። ይዘሻት አትቆዪ።»

ሦስት ዓመት እሳቸው ዘንድ ሠርቼ ስማዳ፣ ወገዳ ላይ ክሊኒክ ሲከፈት ብቻዬን ተላክሁ። ከንፋስ መውጫ የሁለት ቀን የበቅሎ መንገድ ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ የመድኃኒት ሣጥንና አንድ አግዳሚ ወንበር ነበረኝ። በሁለተኛው ወር ምጥ ጠንቶባት ሦስት ቀን የተጨነቀች ሴት በእግዚአብሔር ቸርነት አዋለድሁ፤ ከዚያ ወዲያ ስማዳ «እጇ መድኃኒት ነው» ይል ጀመር። ይህን ከሰማሁ በኋላ ያላወቅሁት ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ማንጠግቦሽ የመጣችው መስከረም ውስጥ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሣቂታ፣ ከሩቅ የምትሰማ ድምፅ ያላት ሴት ናት። ባሏ ታከለ በቅሎ እየሳበ፣ እሷ ዓመት ተኩል የሆናትን ትሁን የምትባል ልጇን አዝላ መጡ። ግራ ጡቷ ቀልቷል፣ አብጧል፣ ይተኵሳል።

«እሷን ስወልድም ይኸው ነው ያመመኝ» አለችኝ። «ያኔ በሙቅ ጨርቅ ስንይዘው ፈነዳና ዳንሁ። ተመልሶ መጣ።»

እኔም ተመልሶ መጣ አልሁ። ቴርሞሜትር ከተትሁላት፤ ትኩሳት የላትም። ቆዳው እንደ ትርንጎ ልጣጭ ጕድጕድ ብሏል። የጡቷ ጫፍ ወደ ውስጥ ገብቷል። ልጅቷ በዚያ በኩል መጥባት እምቢ ካለች ሰንብታለች። ይህን ሁሉ አይቻለሁ፤ አላየሁም ብዬ ማመካኘት አልችልም። መዝገቡ ላይ «የጡት መግል» ብዬ ጻፍሁና ፔኒሲሊን ወጋኋት። በሰበዝ ቅላቱን በመስመር ከበብሁት።

በሦስተኛው ቀን ቅላቱ መስመሩን አልፎ መጣ።

ከመስመሩ ውጭ ሌላ መስመር አሰመርሁ። ያንንም አለፈው። ሦስተኛ አሰመርሁ። «እንዴት ነሽ?» ስላት «ዛሬስ ተሽሎኛል» ትለኛለች፤ እኔም ደስ ይለኛል። ጥቅምት ሲገባ ገና ጥልቅ ስለሆነ ነው አልሁና በምላጭ ከፈትሁት። ደም ብቻ ወጣ፤ የመግል ጠብታ የለም። «አልበሰለም ማለት ነው» አልኋት። የበሰለና ያልበሰለ ለይቼ የማውቅ ይመስል።

ኅዳር ላይ አቶ ተሰማ መድኃኒት በበቅሎ አስጭነው ክሊኒኩን ሊጐበኙ መጡ። የዚያን ዕለት ማንጠግቦሽ አግዳሚው ላይ ተራ ትጠብቅ ነበር። ስለ ገብሱ አወሯት፣ ስለ ልጇ አወሯት፤ እጃቸውን አሞቁ። ደህናውን ዳሰሱ፣ የታመመውን ዳሰሱ፣ ብብቷ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ፊታቸው አልተለወጠም። «ልበሺ ልጄ፤ ፀሐዩ ላይ ተቀመጪልኝ» ብለዋት ሲያበቁ ወደ እኔ ዞሩ።

«ትኩሳቷ ስንት ነበር?»

«ትኩሳት የላትም።»

«ስትከፍቺው መግል ወጣ?»

«አልወጣም።»

«ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ ምኑን ነው የምታክሚው?»

አልጮኹብኝም። መዝገቡን አስመጡና ገጹን ገለጡ። ብዕሬን አንሥቼ «የጡት መግል» የሚለውን ልሰርዝ ስል እጄን ያዙኝ።

«አትሰርዢው። ከሥሩ ጻፊ። መግል መስሎኝ ተሳስቻለሁ በይ፤ ምን እንዳየሽና ምን እንደተውሽ ጻፊ። ነገ ሌላ ሰው እዚህ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ያንብበው።»

እያለቀስሁ ጻፍሁ። ከጨረስሁ በኋላ ብዕሩን ተቀብለው ከጽሑፌ ሥር «የሺወርቅን የላክኋትና የምቆጣጠራት እኔ ነኝ» ብለው ፈረሙበት። ያ ፊርማ ባይኖር ኖሮ የዚያኑ ዕለት ሥራውን ጥዬ ደብረ ታቦር እገባ ነበር። እስከ ዛሬ ባስታወስሁት ቍጥር ነፍሳቸውን ይማር እላለሁ።

«ጎንደር ይዘሻት ሂጂ» አሉኝ። «እስክትመለሺ እኔ እዚህ እቀመጣለሁ።»

የታከለ ዘመዶች በቃሬዛ እየተፈራረቁ ንፋስ መውጫ አደረሷት፤ ከዚያ በጭነት መኪና ሄድን። ጎንደር ያየን ከውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ወጣት ዶክተር ነው። ማንጠግቦሽን ከመረመራት በኋላ እኔንና ታከለን ለብቻ ጠራን።

«ይህ ነቀርሳ ነው» አለን። «መግል መስሎ የሚመጣ ክፉ ዓይነት አለ፤ ያ ነው። ብብቷ ገብቷል፤ አልፎም ሄዷል። ብንቆርጠውም አንደርስበትም።»

«ቀድሜ አምጥቻት ቢሆንስ?» አልሁ።

ዶክተሩ ሊያጽናናኝም ሊወቅሰኝም አልፈለገም። «ይህ ዓይነቱ ቀድሞ ቢመጣም አስቸጋሪ ነው። ቢያንስ ግን ልንሞክር እንችል ነበር» አለኝ።

ውስጤ ሲመላለስ የነበረውን ጠየቅሁት። ልጇን ስትወልድ ያበጠው፣ ያኛው የመጀመሪያው፣ እሱ ነው ወይ ወደዚህ የዞረው? አንድ ጊዜ ተመርዞ የበገነ ጡት ኋላ ነቀርሳ ያበቅላል?

ዶክተሩ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። «ይህን ከአንቺ የሚበልጡ ሰዎችም ይጠይቁታል» አለኝ። «ከባክቴሪያ በጣም ያነሰ ቫይረስ የሚባል ተሐዋሲ አለ። አይጥ ላይ ይህ ቫይረስ ከእናቲቱ ወደ ልጆቿ በወተት እየሄደ የጡት ነቀርሳ እንደሚያመጣ ታውቋል። ሰው ላይ ግን ይህ አልታወቀም። ብግነት፣ ማለትም ቅላትና እብጠት፣ የቆየበት ሥጋ መንገዱን ስቶ ነቀርሳ ያበቅል ይሆን ብለው የሚመራመሩም አሉ። ለጊዜው መልሱ አላውቅም ነው። የዚህች ሴት ነቀርሳ ከምን እንደመጣ አላውቅም።»

የተማረ ሰው «አላውቅም» ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ሁለት ጊዜ አለው፤ ሲለውም አላፈረም።

ታከለ ግን ከዚህ ሁሉ ንግግር የያዘው አንድ ነገር ነው፦ ወተት።

አገራችን ነቀርሳ ሲል ብዙውን ጊዜ የሳንባውን ነው። የሳንባው ነቀርሳ እንደሚተላለፍ ሁሉም ያውቃል፤ በእነ ታከለ ሰፈር አንድ ቤተሰብ በዚያ ሕመም ተራ በተራ አልቆ ነበር። ስሙ አንድ ስለሆነ የጡቱንም እንደዚያው ቈጠሩት። ከጎንደር በተመለስን በሳምንቱ ቁስሏን ላጥብ ቤታቸው ስሄድ ማንጠግቦሽን ከትልቁ ቤት አላገኘኋትም። ከከብቶቹ በረት አጠገብ ባለች ትንሽ ጎጆ አስገብተዋታል። የራሷ ዋንጫና የራሷ ሳሕን ተለይቶላታል። ልጅቷ እናቷ አጠገብ እንዳትደርስ ተከልክላለች። አክስቷ ዘንድ ሊያስቀምጧት ሲወስዷት አክስትዮዋ «ወተቱን ጠጥታለች፤ ልጆቼን ታስጨርሰኛለች» ብላ ከደጅ መልሳለች።

ቤቱን የሚያዝዙት የታከለ እናት ናቸው፤ ባላቸው ሲሞት ቆብ የጫኑ እማሆይ። ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ልጅቷ ጥጉን ይዛ ጣቷን ትጠባለች።

«እማሆይ፣ ማንጠግቦሽን ለምን አወጧት?»

«ጠልቻት መሰለሽ?» አሉኝ። «ልጄ ናት። ግን ይቺን ትንሿንስ ማን ያድንልኛል? አንቺ ንገሪኝ፤ አይተላለፍም ብለሽ ማይልኝ።»

ያን ጊዜ «እምላለሁ» ብል ነገሩ ያበቃ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ የማላውቀውን እንደማውቅ ሆኜ የሠራሁት ግን ፊቴ ላይ መጣብኝ።

«መማል አልችልም፣ እማሆይ። ነቀርሳዋ ከምን እንደመጣ ጎንደር ያለው ዶክተርም አያውቅም። የማውቀውን ልንገርዎት። የሳንባው በሳል ይተላለፋል፤ ይኸኛው ስሙ ነው እንጂ ያ አይደለም። ጎንደር እንዲህ ያሉ ሴቶችን በባዶ እጃቸው የሚያጥቡ፣ አብረዋቸው የሚውሉ አስታማሚዎች አይቻለሁ፤ ከእነሱ አንዱን ያዘው ሲባል አልሰማሁም። ልጅቷ እንደሆነ ከወተቱ ጠጥታለች፤ እሱን ማንም አይመልሰውም። አሁን እናቷን ብታቅፍ ግን የሚጨምርባት ነገር የለም።»

ንግግሬ ለእማሆይ እንዳልበቃቸው ገባኝ። ወደ ጎጆዋ ገብቼ ማንጠግቦሽ ግማሹን ጠጥታ ያስቀመጠችውን ዋንጫ ይዤ ወጣሁ፤ እማሆይ እያዩኝ የቀረውን ጠላ ጠጣሁት። ያልፈራሁ እንዳይመስላችሁ።

እማሆይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ልጅቷን ብድግ አድርገው አቅፈው፣ እኔን አልፈው ወደ ጎጆዋ ሄዱ። ውስጥ ምን እንደተባለ አልሰማሁም። የማንጠግቦሽን ሣቅ ግን ሰማሁ። ማታውኑ ወደ ትልቁ ቤት እንደመለሷት ታከለ ነገረኝ።

እስከ ሁዳዴ አጋማሽ በየሳምንቱ እየሄድሁ ቁስሏን አጠብሁ። አንድ ቀን ሁለታችን ብቻ ስንሆን ይቅርታ ጠየቅኋት።

«ያኔ ተሽሎኛል እልሽ አልነበር?» አለችኝ።

«ነበር።»

«አልተሻለኝም ነበር። አንድ ቀንም አልተሻለኝም። ስትደክሚልኝ አይቼ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲያ ታማሚ «ደህና ነኝ» ሲለኝ ምላሱን ትቼ ገላውን አያለሁ። ማንጠግቦሽ ፋሲካ አልደረሰላትም። ልጅቷን እቅፍ አድርጋ ነው ያረፈችው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ወጣት ሐኪም አግኝቼ ያን የጥንት ጥያቄዬን ጠየቅሁት። የማኅፀን ጫፍንና የጉበትን ነቀርሳ የሚያመጡ ቫይረሶች ተገኝተዋል አለኝ፤ በጡቱ ላይ ግን ቫይረስና ብግነት ድርሻ ይኑራቸው አይኑራቸው እስከ ዛሬ እየተመራመሩበት ነው፣ አልተረጋገጠም አለኝ። ያን የጠየቅሁት ያልበሰልሁ ልጅ ሆኜ ነው፤ ጥያቄው ግን የሞኝ እንዳልነበረ ስሰማ ደስ አለኝ።

ከስማዳ ወደ እስቴ የተዛወርሁት ማንጠግቦሽ ባረፈች በሁለተኛው ዓመት ነው። እዚያ የገጠመኝ ሌላ ዓይነት ነበር። ወይዘሮ ደብሪቱ የአንድ ቀኛዝማች ባለቤት፣ በአገሩ የተከበሩ ሴት ናቸው። ወደ ክሊኒኩ የመጡት ስለ ጉንፋን ነው፤ ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆመው፣ «ደሞ እዚህ ጋ አንዲት ነገር አለች፤ አታመኝም» አሉኝ። እጄን አሞቅሁ። ቀኝ ጡታቸው ውስጥ ባቄላ የምታህል፣ ጠጣር፣ ስትገፋ የማትሸሽ እብጠት ነበረች። ቅላት የለ፣ ትኩሳት የለ። ብብታቸው ባዶ ነው።

«ጎንደር መሄድ አለብዎት» አልኋቸው።

ቀኛዝማች በማግሥቱ ራሳቸው መጡ። ተቈጥተዋል። «ላላመማት ነገር ጎንደር ድረስ? መርፌ የለሽም?»

«አለኝ፣ ጌታዬ። ለዚህ ግን አይሆንም።»

«ሌላው ሰው ሲመጣ ታክሚያለሽ፤ የእኔን ሚስት ታባርሪያለሽ?»

«ስማዳ ላይ አንዲት ሴት ይዤ ቆይቼ ሞታብኛለች» አልኋቸው። «ምን እንደሆነ ሳላውቅ ሁለት ወር ወጋኋት። ወይዘሮንም እንደዚያ ይዤ ልቆይ?»

ቀኛዝማች እንዲህ የሚናገር የመንግሥት ሠራተኛ አይተው የሚያውቁ አይመስለኝም። በሳምንቱ ወይዘሮ ደብሪቱን ራሳቸው ይዘዋቸው ሄዱ።

ሦስት ወር ቆይተው ተመለሱ፤ ጡታቸው ተቆርጧል፣ ሰውነታቸው ግን ቀና ብሏል። አገሩ ብዙ አወራ። አንዱ መድኃኒት ተደርጎባቸው ነው አለ፤ ሌላው ነቀርሳ ነው፣ ከቤታቸው አትብሉ አለ። የወሩ የማርያም ማኅበር ተራ የእሳቸው ነበር። እኔም ተጠርቼ ሄድሁ። ወንዶቹና ቄሱ አዳራሹ ውስጥ ሲቀመጡ ሴቶቹ እልፍኝ ነበርን። ከማኅበርተኞቹ ብዙዎቹ መጥተዋል፤ ምግቡን ግን በጣታቸው እየነካኩ ይተውታል። ወይዘሮ ደብሪቱ ይህን አዩ።

ብድግ ብለው በሩን ዘጉ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ የቀሚሳቸውን አንገት ፈትተው በቀኝ በኩል ገለጡት። ረጅም፣ ደህና የዳነ ጠባሳ ነበር።

«ይኸውላችሁ» አሉ። «ስታሙት የሰነበታችሁት ይኸ ነው። ባቄላ ታህል ነበር፤ አታመኝም ነበር። ይቺ ልጅ አልተውም ብላ ሰደደችኝ፤ ቆረጡልኝ፤ አለሁ። እስኪ እጃችሁን ወደ ገላችሁ ስደዱ፤ ያለባት ትናገር።»

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። የአዳራሹ ጸሎት በግድግዳው በኩል ይሰማ ነበር። ያፈሩ መሰለኝና ልነሣ ስል፣ ከበሩ አጠገብ ሕፃን ታቅፋ የተቀመጠች፣ እስከዚያ ሰዓት ድምፅዋን ያልሰማኋት ወጣት ሴት ቀና አለች።

«እኔም አለብኝ» አለች።

ወይዘሮ ደብሪቱ ቀሚሳቸውን ሳይቈልፉ አጠገባቸው የተቀመጡትን ባልቴት ገፋ አድርገው ቦታ አስለቀቁና፣

«ነዪ ልጄ፤ እዚህ ተቀመጪ» አሏት።